ከብሩ በፊት መዶሻው

ብር ለስላሳ ነው፤ የመታውን ነገር መልክ እንዳለ ይቀበላል። በመዶሻው ፊት ላይ ፀጉር የምታህል ጭረት ካለች በብሩ ላይ ፀጉር የምታህል ጉብታ ሆና ትወጣለች። መዶሻው ሺህ ጊዜ ካረፈ ጉብታዋም ሺህ ቦታ ትታተማለች። ዝገት የበላት፣ የመርፌ ጫፍ እንኳ የማትሞላ ጉድጓድም እንዲሁ ናት። ይህን ሁሉ ኋላ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አጠፋዋለሁ የሚል አንጥረኛ የሚያጠፋው ብሩን ነው። ሲፋቅ ይሳሳል፤ የሳሳው ቦታ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ ደንበኛው የከፈለበት ግራምም ዱቄት ሆኖ ወለል ላይ ይቀራል።

ስለዚህ የአንድ የብር ዋንጫ ገጽ የሚወሰነው ብሩ ገና እሳት ሳያይ፣ መዶሻው በሚሠራበት ጊዜ ነው። የአንድን አንጥረኛ ሥራ ለማወቅ ስፈልግ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ዕቃ ወደተደረደረበት መስታወት ሳይሆን መዶሻዎቹ ወደተሰቀሉበት ግድግዳ ነው። እዚያ የተሰቀለውን ሥራ የሚገዛ የለም፤ ሰርግ ላይ አይታይም፤ አንገት ላይ አይንጠለጠልም። ሆኖም የሰውየው እጅና ዓይን በግልጽ የሚነበበው እሱ ላይ ነው። አዲስ ምጣድ የገዛች ባለሙያ በጎመንዘር አሟሽታ እስክትጨርስ ሊጥ አታፈስበትም፤ ያልተሟሸ ምጣድ ላይ እንጀራው ይይዛል፣ ጀርባው ይላጣል። አንጥረኛውም ያላሟሸውን መዶሻ ብር ላይ አያሳርፍም።

ይህን በቅርብ ያየሁት አዲስ አበባ ውስጥ ባለች ጠባብ የሥራ ቤት፣ ዕድሜያቸውን በብር ሥራ ያሳለፉ አንድ አዛውንት አንጥረኛ ዘንድ ነው። መዶሻዎቻቸውን ራሳቸው ይሠራሉ። ከገበያ መግዛት አቅቷቸው አይደለም። መርካቶ የሚሸጠው መዶሻ ለሚስማር የተሠራ ነው፤ ፊቱ ላይ የመሞረጃው ጎማ የተወው መስመር በዓይን ይታያል፣ ጠርዙ ስለታም ነው፣ ቀለሙ ሲነሳ ከሥሩ ሻካራ ብረት ይወጣል። ከውጭ የሚመጣ ደህና የአንጥረኛ መዶሻም አለ፤ ዋጋው ግን የዋዛ አይደለም። ከዚያም በላይ የፋብሪካ መዶሻ ለማንም እጅ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ የገዛው ሰው መልሶ ሊሞርደውና ሊወለውለው ግድ ነው። ጋሼ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠሯቸው፣ ይህን በአንድ አነጋገር ጨርሰውታል፦ «መልሼ የምሠራውን ነገር ለምን ልግዛ?»

የአንጥረኛ መዶሻ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ክብ ሆኖ የተቆረጠን ዝርግ ብር ወደ ዋንጫ የሚያስነሳው መዶሻ ፊቱ ከግራ ወደ ቀኝ ሰፋ፣ ከላይ ወደ ታች ጠበብ ያለ ነው። ጠባቡ ወርድ ላይ በስሱ ተቆልምሟል፤ ጠርዞቹም ሁሉ ተድቦልቡለዋል። ብሩ በድጋፍ ብረት ጫፍ ላይ ጋደም ብሎ ይያዛል፤ መዶሻው የሚያርፈው ብሩ ድጋፉን ከነካበት ቦታ በላይ ባለው ክፍት ላይ ነው። እያንዳንዱ ምት ብሩን ወደ ውስጥ ይሰበስበዋል። ምቱ ከታች ተነስቶ ዙሪያውን እየዞረ ረድፍ በረድፍ እስከ አፉ ይወጣል። በዚህ መሀል ብሩ ይደነድናል፤ ብር ሲመታ የሚያደርገው ይህን ነው። ስለዚህ ከአንድ ዙር በኋላ እሳት ላይ ይመለሳል። ጨለም ባለ ቦታ ሲታይ ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን፣ 600 ወይም 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እስኪደርስ ይሞቃል፣ ይለዝባል፣ ከዚያ እንደገና ይመታል። አንድ ዋንጫ በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ከእሳት ወደ መዶሻ ይመላለሳል።

ቅርጹ ካለቀ በኋላ ሌላ መዶሻ ይነሳል፤ ሥራው የቀደመው መዶሻ የተወውን ሸንተረር ማለስለስ ነው። እዚህ ላይ አንጥረኞች የሚያከብሩት አንድ ሕግ አለ። ከሥር ያለው ድጋፍ የተቆለመመ ከሆነ የመዶሻው ፊት ጠፍጣፋ ይሁን፤ ድጋፉ ጠፍጣፋ ከሆነ የመዶሻው ፊት በጥቂቱ ይቆልመም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጠፍጣፋ በጠፍጣፋ ላይ ከመጣ አንዱ የመዶሻ ጠርዝ ቀድሞ ያርፍና ብሩን ይነክሰዋል። አንዱ ከተቆለመመ ግን ምቱ የሚያርፈው መሀል ላይ፣ በትንሽ ክብ ቦታ ላይ ነው፤ ብሩ በሁለት መስታወቶች መሀል ተጨምቆ ይወጣል። አዎ፣ መስታወት። ድጋፉም እንደ መዶሻው ይወለወላል፤ ማንም የማያየው የዋንጫ ሆድ የሚለሰልሰው በእሱ ነውና።

በአገራችን የዚህ ሥራ ጥሬ ዕቃ ለረጅም ዘመን የማርትሬዛ ብር ነበር። ላዩ ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 የሆነው ይህ የኦስትሪያ ገንዘብ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። ድሪው፣ አልቦው፣ አምባሩ፣ የአንገት መስቀሉ ከእሱ ቀልጦ ወጥቷል። መዳብ የበዛበት ብር ከንጹሑ ይጠነክራል፤ በመዶሻ ሥርም ቶሎ ይደነድናል። የድሮ አንጥረኛ መዶሻ ከሌላው አገር መዶሻ ይልቅ ታግሎ ይሠራ ነበር ብዬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጋሼ በቅርቡ የሠሩት መዶሻ ዋንጫ የሚያስነሳ ነው። ብረቱ የመጣው አሮጌ ብረት ከሚሸጥበት ከምናለሽ ተራ፣ ከተሰበረ የከባድ መኪና ወፍራም ባሌስትራ ነው። የብረት ምርጫ ላይ ቸኩለው አያውቁም። ፌሮ አይሆንም፤ ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ ቢያግሉትና ቢነክሩትም አይጠነክርም። የመኪና ሰሚያስ የተሻለ ነው፤ ባሌስትራ ግን ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን ስላለው ጠንክሮ ምትን ይችላል። ይህን የሚያረጋግጡት በዓይናቸው ነው። ብረቱን ግራይንደር ላይ ያስነኩና ፍንጣሪውን ያያሉ። የፌሮ ፍንጣሪ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፣ ብዙም ሳይፈነዳ ይጠፋል። የባሌስትራው ግን መንገድ ላይ እያለ ይፈነዳል፣ ይቀነጠባል፣ ከቅርንጫፉ ሌላ ቅርንጫፍ ያወጣል። ካርቦን በበዛ ቁጥር ፍንዳታው ይበዛል። ለማጅ ልጃቸውን ሁለቱን እያፈራረቁ ያሳዩት ነበር፤ ልጁም ዓይኑን ጨፍኖ ከከፈተ በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ እስኪለይ አልለቀቁትም።

ጥሩ ብረት ያለው ሰው ጥሩ መሣሪያ ይሠራል ማለት ቀላል ነው፤ ጥሩ ብረት ራሱ ግን ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ የዶንካስተር ሰዓት ሠሪ በጊዜው ያለው ብረት ለሰዓት ሞላ አልሆን ስላለው ሼፊልድ አጠገብ በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ብረትን ሙሉ በሙሉ አቅልጦ አንድ ወጥ የሆነ ጠንካራ ብረት ማውጣት ቻለ። ሼፊልድ በብረቷም በብር ሥራዋም ስሟ የገነነ ከተማ ሆነች። ሀንትስማን የፈለገው ለሞላ የሚሆን ብረት ነበር፤ ጋሼም መዶሻቸውን የሚያወጡት ከሞላ ዘመድ ከባሌስትራ ነው። ታጥፎ የሚመለስ ብረትና ተመትቶ የማይሰረጉድ ብረት የአንድ ቤተሰብ ናቸው።

ባሌስትራ ሲመጣ ጠንክሮ ነው የሚመጣው፤ ሴጌቶ አይበላውም። ስለዚህ እንዲቀላ ካደረጉት በኋላ አመድ ውስጥ ቀብረው አሳደሩት። ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ብረት ይለዝባል፣ በማግስቱ ሴጌቶውም ሞረዱም ይነክሱታል። ከእሱ መዳፍ የማታህል ቁራጭ ወጣች። ቀጥሎ የእጀታው ቀዳዳ መጣ፤ ብዙ መዶሻ የሚበላሸው እዚህ ነው። በትራፓኖ መብሳት ይቻላል፤ ጋሼ ግን ብረቱን አግለው በመብሻ ከሁለቱም በኩል ወደ መሀል ይወጉታል። በትራፓኖ የተበሳ ቀዳዳ ብረት ቆርጦ ይጥላል፤ በመብሻ የተወጋው ግን ብረቱን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ስለዚህ የቀዳዳው ጉንጮች አይሳሱም፣ ይልቁንም በሁለቱም በኩል ጎበጥ ይላሉ። ከሁለት በኩል ስለተወጋም ቀዳዳው መሀሉ ላይ ጠበብ፣ አፎቹ ላይ ሰፋ ይላል። እጀታው ከታች ይገባል፣ በላይ በኩል ሽብልቅ ይመታበታል፣ እንጨቱ በሰፊው አፍ ውስጥ ይከፈታል፣ ከዚያ በኋላ የመዶሻው ራስ ወደ ላይም ወደ ታችም መሄጃ የለውም።

ቅርጹን የሚሰጡት በሞረድ ነው። ከጎን ሆኖ ላየው ሰው ይህ አሰልቺ ሥራ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ትዕግሥት እዚህ ነው ያለው። ሞረዱን በቀጥታ አይገፉትም፤ ሲገፉ የእጃቸው አንጓ ወደ ላይ ይነሳል፣ ሞረዱ የፊቱን ልሙጥ ጉብታ ተከትሎ ይወርዳል። በየመሀሉ ቆም ብለው አውራ ጣታቸውን ጠርዙ ላይ ያሳልፋሉ። ጣት ከዓይን ይልቅ ጥግን ያውቃል። ጠርዙ ጣት ላይ ከተሰማ ብር ላይም ይሰማል።

ከዚያ ማጠንከር መጣ። ምድጃው ከሰል ነው፣ ወናፉን ልጁ ይዞታል። ራሱን የቻለ የሙቀት መለኪያ የለም፤ በክር የታሰረች ትንሽ ማግኔት አለች። ብረት 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማግኔት መሳቡን ያቆማል። ጋሼ የቀላውን ራስ በጉጠት አውጥተው ማግኔቷን ያስጠጉታል፣ ከሳበችው ይመልሱታል። መሳቧን ስታቆም ደግሞ ትንሽ ጨምረው ያሞቁትና ሞቅ ያለ የሞተር ዘይት ውስጥ ይከቱታል። ውሃ ውስጥ ቢከቱት ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ባሌስትራ ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ ጥርት ያለች «ጭው» የምትል ድምፅ ያሰማል። በዚያ ቀን ራሱ ዘይት ውስጥ ሲገባ ሁላችንም ጆሯችንን ሰጥተን ነበር፤ ዘይቱ ብቻ ነው የጮኸው። ሲወጣ ሞረድ አስነኩት፤ ሞረዱ ሳይነክስ ተንሸራተተ።

እንዲህ የጠነከረ ብረት ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው፤ እንዳለ ብር ላይ ቢወርድ ጥጉ ሊፈነጠር ይችላል። ጥንካሬውን በመጠኑ መመለስ ያስፈልጋል፤ እኔ ለመመልከት የምጓጓውም ይህን ነው። ጎኑን በብርጭቆ ወረቀት እስኪነጣ ጠረጉት። ከዚያ በቀዳዳው ልክ የሆነ የብረት ዘንግ አቅልተው በእጀታው ቀዳዳ ውስጥ ሰደዱት። ሙቀቱ ከመሀል ወደ ሁለቱ ጫፎች መጓዝ ጀመረ። ነጩ ብረት ላይ መጀመሪያ ምንም አልታየም። ቀጥሎ ቀዳዳው አጠገብ እንደ ገለባ የፈዘዘ ቢጫ ብቅ አለ፤ ይህ 220 ዲግሪ ገደማ ነው። ቢጫው ወደ ፊት ሲሄድ ከኋላው ቡናማ ተከተለው፣ ከቡናማው ኋላ ሐምራዊ፣ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ ሰማያዊ። ቀለማቱ እርስ በርስ ሳይቀላቀሉ በሁለቱም በኩል ተራ ይዘው ተንቀሳቀሱ። ይህ ቀለም የተቀባ ነገር አይደለም፤ ብረቱ ላይ የሚፈጠር እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው፤ ሙቀቱ ሲጨምር ሽፋኑ ይወፍራል፣ ሲወፍር የሚመልሰው ብርሃን ይለወጣል።

ጋሼ ከዘንጉ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም። «ፊቱ ገለባ፣ መሀሉ ሰማይ» አሉ ለልጁ፣ «ከዚያ አንዲት እርምጃ ብታልፍ ብር የማይችል መዶሻ ይሆንብሃል»። ገለባ መሳዩ ቢጫ ሁለቱን ፊቶች እንደነካ ዘንጉን ነቅለው ራሱን ውሃ ውስጥ ዘፈቁት። አሁን ፊቶቹ ጠንካራ ናቸው፣ ምት የሚሸከመው ቀዳዳው ዙሪያ ግን ለዝቧል። አንድ ቁራጭ ብረት፣ ሁለት ዓይነት ባሕርይ። ቀለሙ ኋላ ተወልውሎ ይጠፋል፤ ሥራው ግን ብረቱ ውስጥ ይቀራል።

ይህን ያህል ዕውቀት ለያዘ ሰው አገራችን ለዘመናት ክብር ነፍጋ መኖሯ ይቆጨኛል። ብረት ቀጥቃጩንም አንጥረኛውንም በሥራው ስትሰድብ፣ ቡዳ ስትል ኖራለች። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን ሙሉ በሙሉ አላጠፋም። ዛሬም ቢሆን አንድ ልጅ መዶሻ ሠሪ ልሆን ነው ሲል ቤተሰቡ በደስታ አይቀበለውም። የሙያ ማሠልጠኛዎቻችን መሣሪያ ገዝተው ከማደል ይልቅ የመጀመሪያውን ዓመት መሣሪያ በማሠራት ቢያስጀምሩ እመርጣለሁ። ባሌስትራ አለ፣ ከሰል አለ፣ ምናለሽ ተራ አለ።

ወደ መዶሻው ልመለስ፤ ቀጥሎ የመጣው መወልወል ነው። ብርጭቆ ወረቀቱ ከ120 ቁጥር ተነስቶ በ240፣ በ400፣ በ600 አልፎ 1000 ይደርሳል። በየቁጥሩ የመፈተጊያው አቅጣጫ ይቀየራል፤ የ240ው ጭረት የ120ውን በመስቀለኛ ያቋርጠዋል። አሮጌው ጭረት አንድ እንኳ ቢቀር ከአዲሶቹ ጋር ተቃራኒ ስለሚሆን ለዓይን ይጋለጣል፤ እሱ ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው ቁጥር አይታለፍም። የሚቸኩል ሰው እዚህ ይታወቃል፤ በ1000 የተወለወለ የሚያብረቀርቅ ፊት ውስጥ የ120 ጭረት ተኝቶ ታገኛለህ። ወረቀቱ የሚጠቀለለው ጠንካራ እንጨት ላይ ነው፤ ጨርቅ ላይ ቢሆን ይለሰልስና ልሙጡን ወደ ማበጥ፣ ጠርዙን ወደ መብላት ይሄዳል። በመጨረሻ ቆዳ ላይ በተቀባ ቀይ የመወልወያ ቅባት ይታሻል።

ሲያልቅ ጋሼ መዶሻውን ወደ መስኮቱ አዞሩት። የመስኮቱ የብረት ዘንጎች ፊቱ ላይ ታዩ። ራሱን ቀስ አድርገው ሲያንቀሳቅሱት የዘንጎቹ ምስል ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ሳይሰበር ተንሸራተተ። ፊቱ አንድ ቦታ ቢሰረጉድ ወይም ቢያብጥ መስመሩ እዚያ ላይ ይጣመማል። ይህን ከማንኛውም መለኪያ ይልቅ ያምናሉ፤ እኔም አምኛለሁ።

እጀታው ክትክታ ነው። የእንጨቱ ጅማት ከራስ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ እንዲሄድ ከተሰነጠቀ ግንድ ነው የወጣው፣ በመጋዝ ከተቆረጠ አይደለም። ወደ ራሱ በኩል ቀጠን ይላል፤ ያ ቅጥነት የምቱን ድንጋጤ ስለሚውጥ አንጓ አይደክምም። ዙሪያው ክብ አይደለም፣ እንቁላል መሳይ ነው፤ ስለዚህ እጅ ሲጨብጠው ሳያይ የመዶሻው ፊት ወዴት እንደዞረ ያውቃል። ሺህ ጊዜ ለሚመታ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በመጨረሻ የተልባ ዘይት ጠጣ። ቫርኒሽ አልተቀባም፤ ቫርኒሽ ላብ ሲነካው ያንሸራትታል።

ከዚህ በኋላ መዶሻው የራሱ ሥርዓት አለው። ሚስማር አይመታበትም፣ ብረት አይነካበትም፣ ለጎረቤት አይዋስም። ዘይት በነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ በክረምት እርጥበት የጣት አሻራ እንኳ ፊቱ ላይ ዝገት ያበቅላልና።

ፈተናው የብር ነበር። ጋሼ ክብ ዝርግ ብር አንስተው ድጋፉ ላይ አጋደሙትና የመጀመሪያውን ረድፍ መቱ። ምቶቹ ጎን ለጎን፣ አንዱ ግማሹን በአንዱ ላይ እየጣለ ዞሩ። ረድፉ ሲዘጋ ብሩን ወደ ብርሃን አዘነበሉትና ዝም አሉ፤ ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ። መጀመሪያ ምንም አላየሁም። በጥፍሬ ሳሳልፍበት ግን ከእያንዳንዱ ምት በስተግራ እንደ አዲስ ጨረቃ የተጠማዘዘች ስስ መስመር ነበረች። የፊቱ ግራ ጠርዝ ከቀኙ በጥቂቱ ስለት ቀርቶበት ነበር፤ ጣትም መስኮትም ያልያዙትን ብር ያዘው።

መዶሻውን ሞርሳ ላይ አሰሩና ያንን ጠርዝ ብቻ ከ400 ቁጥር ጀምረው እንደገና አድቦለቦሉት። ልጁ ወረቀቱን እያቀበላቸው «ጋሼ፣ ብሩስ?» ሲል ጠየቀ። ብሩ እሳት ላይ ይለዝባል፣ ጨረቃዎቹም በማለስለሻው መዶሻ ይጠፋሉ አሉት። ሁለተኛው ረድፍ ሲመታ መስመሯ አልነበረችም፤ ሦስተኛውም ንጹሕ ወጣ። ልጁ ወናፉን ያዘ፣ ብሩም ለመለዘብ ወደ ምድጃው ገባ።